የሂሳብ ምልክት ልብስ ብቻ ነው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ በቴሌግራም ጽሑፍ ላከልኝ። ከሥሩ "አንተ የሂሳብ መምህር ነህ፣ ምን ትላለህ?" የሚል መስመር ጨምሮበታል። ጽሑፉ አራት ነገር ይላል። አንደኛ፣ የሂሳብ ምልክት የሐሳብ ልብስ ነው፤ ነገር ያሳጥራል እንጂ ሐሳብ አይጨምርም። ሁለተኛ፣ ምልክት ማንንም አያሳስትም፤ የሚሳሳተው ያላጠና ተማሪ ነው። ሦስተኛ፣ በካልኩለስ (በለውጥ ሂሳብ) እንግሊዞች የኒውተንን ነጥብ ሙጥኝ ሲሉ የጀርመናዊውን ሊቅ የላይብኒዝን ምልክት የያዘው አውሮፓ መቶ ዓመት ቀደማቸው። አራተኛ፣ እኛ አገር የሂሳብ ሊቅ ያልወጣው በግዕዝ ቁጥር ምክንያት ነው።

ጽሑፉ ጥሩ ሆኖ ተጽፏል። ቋንቋው ይፈሳል። እኔን ግን ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር ከነከነኝ። ምልክት ልብስ ብቻ ከሆነ፣ አንድን አገር እንዴት መቶ ዓመት ወደኋላ ያስቀራል? ሌላውን አገርስ እንዴት ሊቅ ይነሳዋል? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ነጥቦች እውነት ከሆኑ የኋለኞቹ ሁለቱ ይወድቃሉ። ጸሐፊው ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረባቸው። እሳቸው ስላልመረጡ እኔ አራቱንም በየተራ ላንሳ። (ዘመኖቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

ከልብሱ ልጀምር። ለጸሐፊው የምሰጣቸው ነገር አለ። አል-ኽዋሪዝሚ በ820 ገደማ ባግዳድ ላይ ስለ አልጀብራ ሲጽፍ አንድም ምልክት አልተጠቀመም። ሁሉም በቃል ነው። ታዋቂው ምሳሌው "አንድ ካሬና አሥር ሥሮቹ ሲደመሩ 39 ይሆናሉ" የሚል ነው። መፍትሔውም በቃል ይነገራል። የአሥርን ግማሽ ውሰድ፣ አምስት። በራሱ አባዛው፣ 25። 39 ላይ ደምረው፣ 64። ሥሩ ስምንት ነው። አምስቱን ቀንስለት፣ ሦስት። ሦስት በሦስት 9፣ አሥር ጊዜ ሦስት 30፣ ድምሩ 39። ልክ ነው። ሐሳቡ ያለ ምልክት ይሄዳል፤ እስከዚህ ድረስ ተስማምተናል።

ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ጸሐፊው ዘለሉት። አል-ኽዋሪዝሚ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በስድስት ዓይነት ከፍሎ ለእያንዳንዱ የየራሱን መንገድ ይሰጣል። የፈረንሳዩ ፍራንሷ ቪዬት በ1591 ለማይታወቀው ቁጥር ብቻ ሳይሆን ለሚታወቀውም ፊደል ሰጠ። አሥርና 39 የነበሩበት ቦታ ላይ ማንኛውም ቁጥር ሊቀመጥ ቻለ ማለት ነው። አሉታዊ ቁጥርና ዜሮ ሲጨመሩበት ስድስቱ ዓይነት አንድ መስመር ሆኑ። ይህን "ማሳጠር" ብሎ ማለፍ ይከብደኛል። ስድስት የነበረውን አንድ መሆኑን ማየት አዲስ ነገር ማወቅ ነው።

ሌላም አለ፤ እንደውም ይሄኛው ይበልጥብኛል። ድሮ "ካሬ" እና "ኩብ" ቃላት ነበሩ። ዴካርት በ1637 ባሳተመው መጽሐፍ ኩብን ፊደሉ ትከሻ ላይ በምትቀመጥ ትንሽ 3 ጻፈው። ላይ ላዩን ሲያዩት ተራ ማሳጠር ነው። ግን ቃል ላይ ልትጠይቀው የማትችለውን ጥያቄ ቁጥር ላይ ትጠይቃለህ። "የኩብ ግማሽ" ምንም ማለት አይደለም። ትከሻው ላይ ቁጥር ካለ ግን እጅህን ይበላሃል። 3 ከተቀመጠ ግማሽ ቢቀመጥስ? ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥርስ? እንግሊዛዊው ጆን ዋሊስ በ1656 በዚህ መንገድ ሄደ፤ ኒውተን ደግሞ አስፋፋው። ስናባዛ የትከሻ ቁጥሮች ይደመራሉ። ግማሽና ግማሽ አንድ ነው። ስለዚህ ትከሻው ላይ ግማሽ ያለበት ቁጥር ከስኩዌር ሩት ሌላ ሊሆን አይችልም። መልሱን ማንም ቁጭ ብሎ አልፈጠረውም፤ አጻጻፉ ራሱ አመጣው።

ለእኔ ምልክት ልብስ ሳይሆን በቅሎ ነው። መንገድ የለመደች በቅሎ ጋላቢዋ እንቅልፍ ቢወስደውም ቤት ታደርሰዋለች። ችግሩ፣ ትናንት ከገበያ የተገዛች ከሆነች የምታደርሰው የድሮው ጌታዋ ቤት ነው።

ይህ ወደ ሁለተኛው ነጥብ ይወስደኛል፤ "የሚሳሳተው ያላጠና ተማሪ ነው" ወደሚለው። መምህር ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህ አባባል ትንሽ አናዶኛል።

የእኩል ምልክትን እንይ። የዌልሱ ተወላጅ ሮበርት ሬኮርድ በ1557 ነው ያወጣው። ሁለት ትይዩ መስመሮችን የመረጠው ከነሱ በላይ እኩል የሆነ ነገር ስለማይኖር ነው፤ ምክንያቱን ራሱ ጽፎታል። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምልክት ከየት ይመጣል? እስቲ አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ፊት ይህን ጻፉለት፦ 8 + 4 = __ + 5። ብዙዎቹ ባዶው ላይ የሚጽፉት 12 ነው። መልሱ ግን 7 ነው። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከምልክቱ በስተቀኝ ያየው መልስ ብቻ ነው። ካልኩሌተሩም ላይ ያንን ምልክት ሲጫን መልስ ይመጣል። ስለዚህ ምልክቱ ለሱ "በል አሁን ሥራው" ማለት ነው።

በአማርኛ ደግሞ እኛ ራሳችን እናብሰዋለን። "ሁለት ሲደመር ሦስት እኩል ይሆናል አምስት" ብለን ነው የምናስተምረው። ልጁ "እኩል" የሚለውን ረስቶ "ይሆናል" የሚለውን ይይዛል። እንዲህ ሲጽፍ የማየው ለዚህ ይመስለኛል፦ 3 + 4 = 7 × 2 = 14 − 1 = 13። ሐሳቡ ልክ ነው፤ መጨረሻውም 13 ነው። የጻፈው ግን "ሰባት ከ13 ጋር እኩል ነው" የሚል ሆኗል። ይህን የሚያደርጉት ጎበዞቹ ጭምር ናቸው። ጎበዞቹ እንደውም በፍጥነት ስለሚጽፉ ይብሳሉ።

ቅንፍም እንዲሁ ነው። 5(ሀ + ለ) ሲሆን 5ቱ ለሁለቱም ይደርሳል፤ 5ሀ + 5ለ። ልጁ ይህን በደንብ ተማረ። ከዚያ ሳይን(ሀ + ለ) መጣ። ያው ቅንፍ፣ ያው ቅርጽ። ልጁም ሳይን ሀ + ሳይን ለ ብሎ ይጽፋል። ሁለቱንም 90 ዲግሪ አድርጉና ሞክሩት። በልጁ አጻጻፍ 1 + 1፣ ማለትም 2 ይመጣል። እውነተኛው ግን የ180 ዲግሪ ሳይን ነው፤ ዜሮ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? አንድን ቅንፍ ለሁለት ሥራ ቀጥረን ሁለተኛውን ሥራ ለልጁ ያልነገርነው እኛ ነን።

ቆይ፣ ተማሪውን እንተወው። ላይብኒዝም ያላጠና ተማሪ ነበር? ግዊዶ ግራንዲ የተባለ ጣልያናዊ መነኩሴ በ1703 ስለዚህች ድርድር ጻፈ፦ 1 − 1 + 1 − 1 + …። ሁለት ሁለቱን ካጣመርክ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ነው፤ ድምሩ ዜሮ። የመጀመሪያውን አንድ ትተህ ከሁለተኛው ጀምረህ ካጣመርክ ድምሩ አንድ። ላይብኒዝ ደግሞ ግማሽ ነው አለ። ሦስት መልስ! ጥፋተኞቹ መጨረሻ ላይ ያሉት ሦስት ነጥቦች ናቸው። "እንዲሁ ቀጥል" ይላሉ እንጂ የት እንደሚያደርሱ አይናገሩም። እኛ ግን የሚያደርሱ መስሎን እንደ ማንኛውም ድምር እንደምራለን፣ እናጣምራለን። ላይብኒዝን አልወቅሰውም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቼዛሮ የተባለው ጣልያናዊ "ድምር" ለሚለው ቃል ሰፋ ያለ ትርጉም ሲያወጣለት ግማሽ የሚለው መልስ ቦታ አግኝቷል። ግን መጀመሪያ ትርጉሙን ማስፋት ነበረበት። ነጥቦቹ ብቻቸውን አላደረሱትም።

አንድ ልጨምር፤ ይሄ ክፍል ውስጥ ሁሌ የሚያስጮኸኝ ነው። √2 × √3 = √6 መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እሺ፣ √−1 × √−1 ስንት ነው? በትርጉሙ −1 ነው። በደንቡ ደግሞ √1 ነው፤ ማለትም 1። ስለዚህ −1 = 1። ደንቡ የሚሠራው ውስጥ ያለው ቁጥር ከዜሮ ሳያንስ ብቻ ነው። ምልክቱ ላይ ግን ይህ የትም አልተጻፈም። የ√ ጣሪያዋ ያው ጣሪያ ናት፤ ከሥሯ ማንም ቢገባ ዝም ትላለች። ኦይለር በ1777 ለ√−1 የራሱን ፊደል ሰጠው። ያ ፊደል ከመጣ በኋላ ቢያንስ ጣሪያዋ ዓይናችን ላይ የለችም፤ ፈተናው ቀለል ይላል።

ሦስተኛው የኒውተንና የላይብኒዝ ነገር ነው። ጸሐፊው እዚህ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ላይብኒዝ ∫ን በጥቅምት 29፣ 1675 የግል ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ረዘም ያለች የላቲን ኤስ ፊደል ናት፤ "ድምር" ከሚለው የላቲን ቃል የተወሰደች። ትንሽ ለውጥን የምታመለክተውን የዲ ምልክቱን በ1684 አሳተመ። "ዲ ዋይ በዲ ኤክስ" ክፍልፋይ መስሎ ስለሚጻፍ፣ ሁለት ለውጦችን ስታባዛ መሐል ያሉት ይሰራረዛሉ፤ መልሱም ልክ ይመጣል። በኒውተን ነጥብ ይህ አይታይም። ነጥብ "እየተለወጠ ነው" ይላል፤ ከምን አንጻር እንደሆነ አይናገርም።

ግን "መቶ ዓመት በነጥብ ምክንያት" የሚለው ተረት ይሆናል። ብሩክ ቴይለር በ1715፣ ኮሊን ማክላውሪን በ1742 ትልልቅ መጻሕፍት ያሳተሙት በነጥብ ነው። እንግሊዝን ይበልጥ የጎዳት ኩርፊያው ነው። ካልኩለስን ማን ቀድሞ አገኘ በሚለው ጠብ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በ1712 መርማሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ፕሬዚዳንቱ ኒውተን ራሱ ነበር! ፍርዱ ለማን እንደሆነ መገመት አይከብድም። ከዚያ በኋላ ባሕር ማዶ የሚጻፈውን በቅጡ መከታተል ቀረ። በምልክቱ ተሳበበ እንጂ ወደኋላ ያስቀራቸው ያኔ ሳይጻጻፉ መቅረታቸው ነው። በ1812 ባቤጅ፣ ፒኮክና ጆን ኸርሼል የተባሉ የካምብሪጅ ወጣቶች ማኅበር መሥርተው የላይብኒዝን ምልክት አስገቡ። ምልክቱን ብቻ ግን አላስገቡም፤ የፈረንሳይን መማሪያ መጽሐፍ ተርጉመው አብረው አስገቡ። ነጥቡም አልሞተም። ፊዚክስ የተማረ ሰው ፍጥነትን ዛሬም በነጥብ ይጽፋል።

የሚያስቀው ይህ ኸርሼል ነው። የነጥብን አጻጻፍ አስወግዶ የተሻለ ምልክት ያመጣው ሰው፣ በ1813 የሳይንን ተቃራኒ (ከሳይኑ ወደ ማዕዘኑ የሚመልሰውን) ለመጻፍ ሳይን ትከሻ ላይ −1 አስቀመጠ። ሳይን ትከሻ ላይ 2 ካለ "በራሱ ሲባዛ" ማለት ነው። −1 ካለ ግን "አንድ ሲካፈል ለሳይን" ማለት አይደለም። እስከ ዛሬ የተማሪ ነጥብ የምትበላ ምልክት ናት።

የላይብኒዝ ክፍልፋይም ቢሆን ሁሌ አይታመንም። ሦስት ቁጥሮች ውሰዱ፣ ሀ + ለ + መ = 0 የሚሆኑ። መን ሳትነኩ ለን በአንድ ብትጨምሩ ሀ በአንድ ይቀንሳል። ስለዚህ የሀ ለውጥ በለ ለውጥ ሲካፈል −1 ነው። የለ በመ፣ የመ በሀም እንዲሁ −1 ናቸው፤ በየተራው ሦስተኛው ቁጥር አይነካም። አሁን ሦስቱን ክፍልፋዮች አባዙ። ላይና ታች ያለው ሁሉ ይሰራረዛል፤ ዓይናችሁ 1 ነው ይላችኋል። ትክክለኛው መልስ ግን −1 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው፤ ያው −1። በቅሎዋ የድሮ ጌታዋ ቤት አደረሰቻችሁ። ምክንያቱ በየክፍልፋዩ ሳይነካ የሚቆየው ቁጥር የተለያየ መሆኑ ነው፤ የክፍልፋዩ መስመር ግን ይህን አያሳይም።

የቀረው የግዕዝ ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ቸኩለዋል።

የግዕዝ አኃዝ ከግሪኮች የፊደል ቁጥር የተወረሰ ነው። አንድ እስከ ዘጠኝ የየራሳቸው ምልክት አላቸው፤ አሥር እስከ ዘጠናም እንዲሁ። ከዚያ ፻ እና ፼ አሉ። ዜሮ የለም። ከባድ መሆኑን አልክድም። ፬ በ፪ ሲባዛ ፰ ነው። ፵ በ፳ ሲባዛ ፰፻ ነው። በ4፣ በ2 እና በ8 ስንጽፈው 4 × 2 = 8 እና 40 × 20 = 800 ዘመዳሞች መሆናቸው ዓይን ላይ ነው። በግዕዙ ግን ፬ እና ፵ አይተዋወቁም። ወረቀት ላይ አባዙ ብባል እኔም 4ን እመርጣለሁ።

ግን "ሊቅ ያልወጣው በዚህ ነው" ለማለት አንድ ሰው መርሳት ያስፈልጋል፤ አርኪሜደስን። የግሪኮች የፊደል ቁጥር የሱ ቁጥር ነበር። በዚያው ቁጥር 96 ጎን ባለው ቅርጽ ክብን ከውስጥም ከውጭም አጥሮ፣ ፓይ ከ3 እና 1/7 እንደሚያንስ፣ ከ3 እና 10/71 ደግሞ እንደሚበልጥ አሳየ። ያለ ዜሮ። ቁጥሩ ሲያንሰው ደግሞ አዲስ አጻጻፍ ሠራ። የግሪኮች የመጨረሻው የቁጥር ስም አሥር ሺህ ነበር፤ የኛው እልፍ፣ የኛው ፼ ማለት ነው። አርኪሜደስ እልፍን በእልፍ አባዝቶ እንደ አዲስ "አንድ" ቆጠረው። በዚያ ላይ እየገነባ ዓለምን ሁሉ የሚሞላ አሸዋ ፍሬው 1 እና 63 ዜሮ ከሚጻፍበት ቁጥር እንደማይበልጥ አሰላ። ቁጥሩ ጠበበው፤ እሱ ደግሞ አሰፋው። ስለዚህ አንድ አገር ለምን ብዙ ሂሳብ አልጻፈም የሚለው ጥያቄ ማን ያስተምር ነበር፣ ለምን ጉዳይ፣ በማን ወጪ ወደሚሉት ጥያቄዎች መሄድ አለበት። አኃዙ ላይ መጣል ቀላል ነው፤ አኃዝ መልስ አይሰጥማ።

ደግሞስ ማን ነው አልተሠላም ያለው? ቤተ ክርስቲያን የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን የምታወጣበት ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብ አለ። ሊቃውንቱ ዕለትን ወደ 60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስን ወደ 60 ካልዒት ይከፍላሉ። የበዓላትን አቆጣጠር ለመግለጽ ደግሞ የ2018ን (የኛን) ስሌት እንይ። ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት የሚቆጠረውን 5500 ደምሩበት፣ 7518። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ይህ መደብ ነው። አንድ ሲቀነስለት ወንበር ይሆናል፣ 12። ወንበርን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፉት (30 30 እያወጡ ሲጥሉለት) የሚተርፈው አበቅቴ ነው፣ 12። በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፉት የሚተርፈው መጥቅዕ ነው፣ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው 30 ይሆናሉ። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

ለምን 30? እኔ ይህን በፊደል ስጽፈው በአንድ መስመር ታየኝ። ወንበርን ወ እንበለው፤ 11ወ + 19ወ = 30ወ። አለቀ። ድምሩ ሁልጊዜ የ30 ብዜት ነው። ሁለቱ ትራፊዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው ከ30 ስለሚያንሱ፣ ድምራቸው ከ30 በቀር ሊሆን አይችልም። በጣም ደስ አለኝ። ምልክት ሐሳብ አይጨምርም ላሉት ጸሐፊ ይህችን መስመር ብቻ ብልክላቸው ይበቃ ነበር።

እኔ ግን መጀመሪያ የሄድኩት ባሕረ ሐሳብ ወደሚያስተምሩ አንድ መሪጌታ ነው። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። አዩትና "ጥሩ ነው ልጄ። ወንበሩ ባዶ ሲሆንስ?" አሉኝ።

መደብ 1 ሲሆን ወንበር ዜሮ ነው። 2006 (የኛ) እንዲህ ያለ ዓመት ነበር፤ 2025ም ይሆናል። አሰላሁት። 11 ጊዜ ዜሮ፣ ዜሮ። 19 ጊዜ ዜሮ፣ ዜሮ። ድምሩም ዜሮ። "ዜሮ ነው የኔታ" አልኩ። "አበቅቴው ዐልቦ፣ ባዶ ነው። መጥቅዑ ግን 30 ነው" አሉኝ። "ከ30 በቀር ሊሆን አይችልም" ብዬ በኩራት የጻፍኩት እኔ ነኝ። መስመሯ ጥሩ ስለነበረች እስከ ጫፍ አልሞከርኳትም።

ቤት ገብቼ ግን አልተኛሁም። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ የሚያመለክተው ቀን መስከረም ላይ ይውላል፤ ካነሰ ጥቅምት ላይ። እሳቸው እንዳሉት 30 ካልን ቀኑ መስከረም 30 ነው። እኔ እንዳልኩት ዜሮ ካልን ቀኑ ጥቅምት 0 ነው። ከጥቅምት 1 በፊት ያለው ቀን ደግሞ መስከረም 30 ነው! አንድ ቀን ነው። 2006ን በሁለቱም መንገድ ሞከርኩት። መስከረም 30 ሐሙስ ዋለ፤ የሐሙስ ተውሳክ (እንደ ዕለቱ መጥቅዕ ላይ የሚደመረው ቁጥር) ሦስት ነው። በሁለቱም ነነዌ የካቲት 3፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12 መጣ። በዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለውም ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። "የኔታ፣ የኔም ልክ ነው፤ ጥቅምት 0 ማለት እኮ መስከረም 30 ነው" አልኳቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ወረቀቱን እንደገና አዩት።

"ጥቅምት ዜሮ የሚባል ቀን ውለህ ታውቃለህ ልጄ?" አሉኝ።